ከኮሌጅ ቀድመው ወደ ኤንቢኤ ለመውጣት የሚያስቡ ተጫዋቾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ፣ ኮሌጅ ሳይጨርሱ ስማቸውን ለኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ለሚመርጡበት ሥርዓት) ለማስገባት ያሰቡ ልጆችና ወላጆቻቸው ምክር ይጠይቁኛል። ቀድሞ መውጣት በራሱ ስህተት ነው ብዬ አላምንም። ተጫዋቹ ስፔንሰር ሄይዉድ ይህን መብት ለማስከበር እ.ኤ.አ. በ1971 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶለታል፤ ኩፐር ፍላግም በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ በ2025 ከሁሉም ቀድሞ ተመርጧል። የሚያሳስበኝ ልጆቹ ወደ ውሳኔው የሚደርሱበት መንገድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የቀን ስህተት ነው። ስሙን ያስገባ ተጫዋች ሐሳቡን ከለወጠ ስሙን ማውጣት ይችላል፤ ነገር ግን ቀነ ገደቡ ሁለት ነው፤ አንደኛው የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው የኤንሲኤኤ፣ ሌላው የኤንቢኤ። በ2025 የኤንሲኤኤው ሜይ 28፣ የኤንቢኤው ደግሞ ጁን 15 ነበር። በኋለኛው ቀን ስሙን የሚያወጣ ልጅ በሌላ ዓመት የመመረጥ ዕድሉን ያቆያል እንጂ፣ በኤንሲኤኤ ደንብ ወደ ኮሌጅ ቡድኑ የሚመለስበት ጊዜ አልፎበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ቤታቸው ጠሩኝ። ቡና ቀርቦ ሳለ ልጃቸው ስልኩን ከፍቶ የኤንቢኤን የጊዜ ሰሌዳ አሳየኝና «ጋሼ፣ ገና ሁለት ሳምንት አለኝ» አለኝ። የኤንሲኤኤው ቀን ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ይህንን ስነግራቸው እናቲቱ የያዙትን ሲኒ ሳይጠጡ ረከቦቱ ላይ መለሱትና «ታዲያ ትምህርት ቤቱ አይቀበለውም?» ብለው ጠየቁኝ። ለመማር ይቀበለዋል፤ ለመጫወት ግን አይችልም። ልጁ በዚያ ዓመት ድራፍት አልተመረጠም። ሚያዝያ ላይ ሲያማክረኝ ስለ ውርወራውና ስለ መከላከሉ ብዙ ስመክረው፣ ሁለቱን ቀኖች ግን ጽፌ አልሰጠሁትም ነበርና ጥፋቱ የእኔም ነው። ከዚያ ወዲህ ለምክር ከተጠራሁበት ቤት ሁለቱን ቀኖች በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ሳልለጥፍ አልወጣም።

«ድራፍት እገባለሁ» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ መቀበልም ብዙዎችን ጎድቷል። ድራፍቱ ሁለት ዙር አለው፤ የሁለቱም ዙሮች ውል ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች ውል ሲፈርም የሁለት ዓመት ደመወዙ የተረጋገጠ ነው፤ በ30ኛ ደረጃ የተመረጠው እንኳ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። ለሁለተኛው ዙር ግን ደንቡ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም፤ ሁሉም ነገር በድርድር ነው፤ ብዙዎቹም ጊዜያቸውን ተጫዋቾች በሚያድጉበት የኤንቢኤ የበታች ሊግ፣ በጂ ሊግ፣ ያሳልፋሉ። በዚያ ሊግ የ2024–25 የውድድር ዘመን መነሻ ደመወዝ 43,000 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ አንድ ልጅ ሊጠይቀው የሚገባው ይመረጥ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ዙር እንደሚመረጥ ነው።

ይህንንም የሚጠይቀው ከትክክለኛው ሰው ሊሆን ይገባል። የአጎት ልጅ ስለሚወደው፣ ወኪል ደግሞ ከውሉ ድርሻ ስለሚያገኝ፣ ሁለቱም አንደኛ ዙር ነህ ይሉታል። ኤንቢኤ የክለብ ኃላፊዎችን ግምት ሰብስቦ ለኮሌጅ ተጫዋቾች የሚሰጥ አማካሪ ኮሚቴ አለው፤ በአሠልጣኝ በኩል ጠይቆ መልሱን መቀበል ይቻላል። የማይጥም መልስ ሲመጣ ልጆቹ ሲቆጡ አይቻለሁ፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዛክ ኢዲ በመላው አሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ከተባለ በኋላ እንኳ በ2023 ስሙን አስገብቶ፣ የክለቦቹን ስሜት አይቶ፣ ስሙን አውጥቶ ወደ ፐርዱ ተመለሰ። በዓመቱ ቡድኑን ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ፍጻሜ አድርሶ በ9ኛ ደረጃ ሜምፊስ መረጠው።

ወደ ኮሌጅ የመመለስ ሐሳብ ያለው ልጅ በኤንሲኤኤ ካልተመሰከረለት ወኪል ጋር ምንም ነገር አይፈርም።

ሌላው ስህተት በአሮጌ ሒሳብ መወሰን ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፤ በ2025 ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ተፈቀደ። በ2021 ስማቸውን ቀድመው ያስገቡት 353 የነበሩ ሲሆን በ2025 ወደ 106 ወርደዋል፤ «ቤተሰቤን ለመርዳት መውጣት አለብኝ» የሚለው ምክንያት ለብዙዎች እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ፣ ቪዛው የሥራ ገደብ ስላለበት፣ እንዲህ ያለውን ክፍያ ከመቀበሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።

በመጨረሻም ስማቸውን ባስገቡ ማግስት ክፍል መግባት የሚያቆሙ አሉ። የዚያ ሴሚስተር ውጤት ከወደቀ፣ ስሙን በጊዜው ያወጣ ልጅ እንኳ በትምህርት ምክንያት ከሜዳ ሊታገድ ይችላል። ቪንስ ካርተር በ1998 ከሰሜን ካሮላይና ወጥቶ በ2001 ተመርቋል፤ ስቴፈን ከሪም ዴቪድሰንን በ2009 ትቶ ዲግሪውን በ2022 ጨርሷል። ልጆቹን የማሳስባቸው፣ ሴሚስተሩን እንዲጨርሱ፣ ከዚያም ከሬጅስትራር ቢሮ የቀሯቸውን ኮርሶች ዝርዝር፣ ከስፖርት ክፍሉ ደግሞ ሲመለሱ ስኮላርሺፑ ይቆያቸው እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሑፍ ተቀብለው እንዲወጡ ነው።