ጣናንና ዓባይን ረግረጉን ሳትጎዱ እንዴት ትጎበኛላችሁ?

ባህር ዳር ሄዶ ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ሐይቁ ዳር ያገኘው የመጀመሪያ ጀልባ ላይ ይወጣል፤ ዘጌን ያያል፣ ጉማሬ ፎቶ ያነሳል፣ ዓሣ በልቶ ይመለሳል። ክፋት የለውም። ግን ያንኑ ገንዘብና ያንኑ ቀን ትንሽ አስባችሁ ብታወጡት፣ ለጣና ዳር ረግረግ የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል።

ለምን ረግረጉ? በክረምት ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የደጋውን አፈር ጠርገው ወደ ጣና ያመጣሉ። ረግረጉ ላይ የሚበቅለው ረጅም ሣር፣ ደንገሉ፣ ውሃውን ያዘገየዋል፤ አፈሩ እዚያው ይዘቅጣል፣ ከእርሻው የታጠበውንም ማዳበሪያ ሥሩ ይመጠዋል። ደንገሉ ተመንጥሮ ቦታው ሲታረስ ግን ያ ሁሉ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ የሚሉት ወራሪ የውሃ አረም ደግሞ እንዲህ ያለውን ድግስ ይወዳል። በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚለው ባህር ሸሽ መሬት ለምለም ነው፤ ገበሬው ዓይኑን ቢጥልበት አይፈረድበትም። የቆመ ደንገል ለአካባቢው ሰው እንጀራ ካልሆነው ደግሞ ማረሱ አይቀርም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ነው፦ ገንዘባችሁ ማን እጅ ይገባል?

1. ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምርጥ ነው። ሐይቁ ሞልቷል፣ ዝናቡ ቆሟል፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ ከአውሮፓ የሚሰደዱ ወፎችም መምጣት ጀምረዋል። ሰዓቱን በተመለከተ ድርድር የለም፦ ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ላይ ከሆናችሁ ወፎቹንም ታገኛላችሁ፣ ከቱሪስት ጀልባ ግርግርም ታመልጣላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከወር በፊት የሰማችሁት ወሬ አይበቃም።

2. ጀልባውን በማኅበር በኩል ተከራዩ

ባህር ዳር ውስጥ ጀልባ ነጂዎች በማኅበር ተደራጅተዋል። መንገድ ላይ እጃችሁን ከሚጎትት ደላላ ይልቅ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሂዱ፤ ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ነጂው ጋ ይደርሳል። ዋጋው የጀልባው ይሁን የአንድ ሰው፣ መጠበቂያ ጊዜን ይጨምር አይጨምር፣ ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። «አለ» ሲሏችሁ ብቻ አትመኑ።

በነገራችን ላይ ሴቶች ካላችሁ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አያስገቡም። ዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ይፈቅዳሉ። ዘጌ ስትደርሱ ጫካውን ልብ ብላችሁ እዩት። በገዳሙ ትውፊት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል በመሆኑ ነው ያ ሁሉ ዛፍ ከነቡናው እስካሁን የቆመው። ከባለቡናዎቹ ቡና ግዙ፤ ጫካውን የሚያቆየው እሱ ነው።

3. ስለ ጉማሬ ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይታያል። ነጂው ደግሞ «ካላስጠጋኋቸው ቲፕ አይሰጡኝም» ብሎ ያስባል፤ አንዳንድ ጎብኚም «ትንሽ ጠጋ በል» እያለ ይገፋፋዋል። ጉማሬ አፉን በሰፊው ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፤ ሂዱልኝ ማለቱ ነው። ጠልቆ ከጠፋ ደግሞ የት እንደሚወጣ አታውቁም።

ስለዚህ ከወደቡ ሳትነሱ እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ጉማሬ ካየን ከሩቁ ሞተሩን አጥፋልን። አትጠጋ፣ ቲፕህ እንደሆነ የትም አይሄድም።» ቃላችሁንም ጠብቁ፣ ስትመለሱ ስጡት። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ከበዙ ነጂው ራሱ ለሚቀጥለው እንግዳ «እዚህ ጋ ነው የምናቆመው» ማለት ይጀምራል። ደንገሉ መሃል ተረጋግጦ የተከፈተ ቀጭን መተላለፊያ ካያችሁ፣ ጉማሬው ማታ ለግጦሽ የሚወጣበት መንገዱ ነውና ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ለፎቶ ብላችሁም እዚያ አትውረዱ።

4. ግማሽ ቀኑን ለታንኳ ስጡ

ከጉዞው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። በሞተር ጀልባ ረግረጉን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ፤ ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ግን ውስጡ ትገባላችሁ። ድምፅ የለም፤ የደንገሉ ጫፍ ከራሳችሁ በላይ ነው፣ ወፎቹም ሳይበረግጉ ያሳልፏችኋል።

ከመቅዘፉ በፊት ሥራውን እዩ። በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሳው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ቢጫ ሆኖ ክብደቱ ሲቀንስ እየታሰረ ይጠቀለላል፣ የታንኳው ፊት ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ሠሪው ገመዱን በእግሩ ረግጦ በሁለት እጁ ሲያጠብቀው ደንገሉ ሲጥጥ ይላል። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ዛፍ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ቢንከባከቡትም ከጥቂት ወራት አያልፍም። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ያስፈልጋል። ደንገል ሲታጨድ አይጠፋም፣ ሥሩ እስካለ ይበቅላል። የሚያጠፋው ማቃጠልና ማረስ ነው።

ታንኳ ላይ ስትቀመጡ መቀመጫችሁ ይረጥባል፣ ስለዚህ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት። ከዳር አትራቁ። ቀዛፊው ትልቅ ሰው ከሆነ ዋጋ ላይ አትነዝንዙት፤ «ጋሼ፣ ስንት ነው?» ብላችሁ የጠየቀውን ክፈሉ። ማስታወሻ የሚሆኑ ትንንሽ ታንኳዎችም ይሸጣሉ። ከሱቅ ሳይሆን ከሠሪው እጅ ግዙ።

5. እምቦጭን አታጓጉዙ

እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ሐይቁ ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ ከመመዝገቡ ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ከተቆረጠ ቁራጭ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቁ በኩል ነው፣ ወደ ሌላው ዳር እንዳይሄድ ግን ጀልባም ሰውም መጠንቀቅ አለበት። ከመነሳታችሁም ከወረዳችሁም በኋላ ገመዱን፣ ሞተሩንና ጫማችሁን እዩ። የተጠመጠመ ካለ አውጡትና ከውሃው ርቃችሁ ደረቅ ቦታ ላይ ጣሉት። ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ ቆርጦ ሆቴል መውሰድ ግን አይታሰብም።

6. ምግብ፣ ሃይላንድና ሆቴል

ከሐምሌ እስከ መስከረም ዓሣ ስታዙ ቆሮሶ ወይም አምባዛ በሉ። በዚያ ወቅት ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሣዎች ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፣ አጥማጁም ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ከአስር በላይ የሚሆኑት የባርበስ ዝርያዎች ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ባዶ ሃይላንዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ያው ነው። ሆቴል ስትይዙ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ «ፍሳሻችሁ የት ነው የሚሄደው?» የሚያሳፍር መልስ ከሰማችሁ ሌላ ሆቴል አለ።

7. ጢስ ዓባይን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ

ፏፏቴው ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ያስደነግጣል። በበጋ ግን ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በሌላ በኩል ውሃ እየወሰደ ነው። «ውሃ አለ?» ብላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ለአካባቢው አስጎብኚ ደውሉ። ካለ በአላታ ድልድይ በኩል በእግር ሂዱ። ከሌለ ብራችሁን አታባክኑ፤ ቀኑን ለታንኳው ጨምሩት።