በጭንቀት ሳቢያ የሚመጣን የአእምሮ ሕመም ለይቶ ማወቅና ሐኪምን በቪዲዮ ማማከር፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ አዋቂዎች

የቤት ኪራይ ሲደርስ ወይም ከአገር ቤት መጥፎ ወሬ ሲሰማ መጨነቅ ሕመም አይደለም፤ ነገሩ ሲያልፍ ጭንቀቱም ይቀላል። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ጭንቀቱ እንቅልፍን፣ ሥራንና ከሰው ጋር መኖርን ማወክ ሲጀምር ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ አንዱን ሕመም ከሌላው የሚለየው በአመዛኙ መነሻውንና የቆየበትን ጊዜ አይቶ ነው።

እንደ ፍቺ፣ ከሥራ መባረር ወይም ስደት ያለ ለውጥ ከደረሰ በኋላ በ3 ወር ውስጥ የሚጀምርና ከደረሰው ነገር በላይ የሚከብድ ጭንቀት ወይም ሐዘን የመላመድ ችግር ይባላል፤ መነሻው ከተወገደ ከ6 ወር በላይ አይዘልቅም። መነሻው ጦርነት፣ ጥቃት ወይም ለሞት ያሰጋ አደጋ ሲሆን ግን ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መደንበር፣ ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ መስሎ መታየትና ያን የሚያስታውስን ቦታና ሰው መሸሽ ይከተላል። እነዚህ ምልክቶች ከ3 ቀን እስከ 1 ወር ከቆዩ አጣዳፊ የጭንቀት ሕመም፣ ከ1 ወር ካለፉ ደግሞ ፒቲኤስዲ (PTSD፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም) ይባላሉ። ፒቲኤስዲ ዘግይቶም ሊመጣ ስለሚችል፣ በረሃና ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ኑሮው ከተደላደለና የመኖሪያ ወረቀቱን ካገኘ በኋላ ቢታመም ሊያስገርም አይገባም፤ «አሁን ምን ጎደለህ?» የሚለው የዘመድ ጥያቄም ከማሳፈር በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ የቪዲዮ ቀጠሮ አይጠበቅም። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራው 988 የተባለ የችግር ጊዜ የእርዳታ ስልክ ቀንና ሌሊት በነፃ ይደወልበታል፤ ቋንቋው ካስቸገረ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። አደጋው አፋፍ ላይ ከደረሰ 911 ይደውሉ።

ቀጠሮ ሲይዙ በመጀመሪያ ማረጋገጥ ያለብዎት ሐኪሙ እርስዎ ባሉበት ስቴት የሥራ ፈቃድ እንዳለውና ኢንሹራንስዎን እንደሚቀበል ነው። መድኃኒት የሚያዝልዎ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሕክምና ዶክተር) ወይም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ፕራክቲሽነር ሲሆን፣ ሳይኮሎጂስት በአብዛኞቹ ስቴቶች የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ብቻ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ይህንንም ቀጠሮውን ሲይዙ ያስመዝግቡ። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ እርስዎም ዋናውን ነገር ይደብቃሉ፣ ልጁም የማይገባውን ሸክም ይሸከማል። ወሬው በማኅበርተኛና በዕድርተኛ ጆሮ እንዳይገባ ከሰጉ፣ ከሌላ ስቴት በስልክ ብቻ የሚገባ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ከሩቅ የሚያክም ሐኪም አካሄድዎን አያይም፣ የደም ግፊትዎን አይለካም፤ አብዛኛው ዕውቀቱ ከእርስዎ አፍ የሚወጣው ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በአንድ ገጽ ይጻፉ። «ራሴን ያቃጥለኛል» ማለት ብቻውን ወደ ራስ ምታት ክኒን ሊያመራ ይችላል፤ «ከማታ ሥራ ስገባ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እስኪነጋ አልተኛም፣ የጀመረኝም ከመኪናው አደጋ በኋላ ነው» ሲባል ግን ሐኪሙ የሚይዘው ፈር ያገኛል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነብልቃጣቸው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ጫትና መጠጥ ካለም አይደብቁ፣ ሁለቱም እንቅልፍንም መድኃኒቱንም ያውካሉ። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ጭንቀት ሊመስል ስለሚችል ሐኪሙ ለደም ምርመራ ወደ መደበኛ ሐኪምዎ ቢልክዎ ነገሩን ከራሱ እያወረደ አይምሰልዎት።

በዕለቱ ስልክዎን በእጅ ሳይይዙ አንድ ነገር ላይ አስደግፈው ፊትና እጅዎ እንዲታይ ያድርጉ፤ የጆሮ ማዳመጫም ይጠቀሙ። ቤቱ ሰው ከበዛበት የቆመ መኪና ጥሩ የምክር ክፍል ነው፣ እየነዱ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሐኪሙ ንግግሩን ሲጀምር «አሁን የት ነዎት?» ብሎ አድራሻ ይጠይቃል። ይህ ከስደተኞች ጉዳይ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም፤ የሚጠየቀው ለፈቃዱ ሕግና ድንገት አደጋ ቢፈጠር እርዳታ ለመላክ ነው።

ለፒቲኤስዲ ቀዳሚው መፍትሔ በደረሰው ነገር ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ በቪዲዮም በአካል የሚሰጠውን ያህል እንደሚሠራ በጥናት ታይቷል። ከመድኃኒት ደግሞ ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን ለዚህ ሕመም በይፋ ተፈቅደዋል። ለውጡን ለማየት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለውም በዚህ መሐል ነው። በድንገት ማቆም ማዞርና መረበሽ ስለሚያስከትል መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ጓደኛ የሚያካፍለው እንደ ሎራዜፓም ያለ ማረጋጊያ ሱስ ስለሚሆን ለፒቲኤስዲ አይመከርም። ጸበል የሚጠመቁ ወይም የሚጾሙ ከሆነ ክኒኑን ከማቆም ይልቅ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የመውሰጃ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር ማስማማት ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም።

በመጀመሪያው ቀን 20 ጥያቄ ያለው የፒቲኤስዲ መጠይቅ ከሞሉ ነጥብዎን ይጠይቁና ይመዝግቡት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ መጠይቅ ሲሞሉ ነጥቡ ካልቀነሰ፣ መድኃኒቱ ወይም መጠኑ እንዲታይልዎ ለመጠየቅ በእጅዎ ማስረጃ ይኖርዎታል።