ሁለት ድንክ ሃምስተሮችን ሳይጎዳዱ አብሮ ለማኖር

በእንስሳት መሸጫ ሱቅ ሁለት ድንክ ሃምስተሮች (አይጥ መሰል ትንንሽ የቤት እንስሳት) ተደጋግፈው ተኝተው ያዩ ልጆች «ሁለቱንም እንግዛ፣ አንዱ ብቻውን ይከፋዋል» ማለታቸው አይቀርም። አሳባቸው ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ሃምስተር ግን ጓደኛ በማጣቱ የሚጎዳ እንስሳ አይደለም፣ አብዛኛውም ብቻውን ቢኖር ይሻለዋል። ስለዚህ ጥንድ ለማኖር የወሰነ ሰው ቢጣሉ የሚለያዩበትን ሁለተኛ ቤት፣ ሁለተኛ የውኃ ጠርሙስና ሁለተኛ መሮጫ (የሚሽከረከር መንኮራኩር) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አለበት። ለዚህ ቦታም ሆነ ገንዘብ የሌለው አንድ ብቻ ይግዛ።

ቀጥሎ የሚመጣው የዝርያው ጉዳይ ነው። ትልቁ የሶርያ ሃምስተር ካደገ በኋላ ሌላውን እስከ መግደል ስለሚደርስ ከማንም ጋር አይቀመጥም። የቻይና ሃምስተርም ከድንኮቹ ጋር ተደባልቆ ቢሸጥም የብቻ ኗሪ ነው። አብረው የመኖር ዕድል ያላቸው ካምቤል፣ በክረምት ፀጉሩ የሚነጣው የሳይቤሪያ ሃምስተርና ከሁሉም የሚያንሰው ሮቦሮቭስኪ ሲሆኑ፣ እኔ የምመርጠው ሮቦሮቭስኪን ነው። ሁለቱ የአንድ ዝርያ፣ የአንድ እናት፣ በአንድ ጊዜ የተወለዱ፣ ተለያይተው የማያውቁና ፆታቸው አንድ የሆነ መሆን ይኖርባቸዋል። የሴት እርግዝና ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ የሚፈጅ ከመሆኑም በላይ በወለደች ማግስት እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል ወንድና ሴት ማደባለቅ አይገባም። የሻጩ ቃል ብቻ አይበቃም፤ እንስሳውን በመስታወት ዕቃ አድርጎ ከሥር መመልከት ያሻል፤ በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መካከል ያለው ርቀት በወንዱ ሰፋ ብሎ ይታያል።

ቤቱ ወለሉ ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለጥንድ ከዚህም ቢሰፋ ይመረጣል። መቆፈር እንዲችሉ የወረቀት ብጥስጣሽ ወይም አቧራ የሌለው የእንጨት ፍቅፋቂ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፍላቸው። ባለ ፎቅ ቤትና ጠባብ ቱቦ ለዓይን ቢያምሩም ጉልበተኛው ደካማውን አፍኖ የሚይዝባቸው ወጥመዶች ናቸው። መሮጫው፣ ውኃው፣ መደበቂያውና የአሸዋ መታጠቢያው ሁለት ሁለት ሆነው በተለያየ ጥግ ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ መደበቂያ ደግሞ ሁለት በር ይኑረው። ምግቡን በአንድ ሳህን ከማቅረብ ይልቅ በወለሉ ሁሉ መበተን ሽሚያን ያስቀራል።

በጽዳት ጊዜ የብዙ ሰው ስሕተት ሁሉንም ጠርጎ በአዲስ መተካት ነው። ሃምስተሮች የሚተዋወቁት በማሽተት በመሆኑ ሽታቸው የጠፋበት ቤት እንደ አዲስ ግዛት ሊያጣላቸው ይችላል። የቆሸሸውን ብቻ አንስቶ አብዛኛውን የቀድሞ ንጣፍ መተው ይሻላል። አንዱ ሲታመምም ሁለቱን አብሮ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ብቻውን ሄዶ የተመለሰው የሌላ ቤት ሽታ ይዞ ስለሚመጣ ሌላው እንደ ባዕድ ሊያጠቃው ይችላል።

አልፎ አልፎ መጯጯህና አንዱ በጀርባው ተንጋሎ መሸነፉን ማሳየቱ የተለመደ ነው። የሚያሰጋው አሳዳጁ ሁልጊዜ ያው አንዱ ሲሆን፣ ሌላው ከጎጆው ውጭ ብቻውን መተኛት ሲጀምር፣ መሮጫው ላይ እንዳይወጣም ሲከለከል ነው። እኔ ያሳደግኋቸው ሁለት እኅትማማቾች አራት ወር በሰላም ኖረው ሳለ፣ አንድ ማለዳ በነጩ የመታጠቢያ አሸዋ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ የደም ነጠብጣብ አየሁ። ትንሿን አንሥቼ ሳገላብጣት የጅራቷ ሥር ተነክሶ ፀጉሩ ረግፎ ነበር፤ ጠቡ ሌሊት ሌሊት ስለሆነ ድምፁን እንኳ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ፤ 22 ግራም የምትመዝን እንስሳ ሁለት ግራም ብትቀንስ ቀላል ነገር አይደለምና።

ደም ከታየ በዚያው ሰዓት ይለዩ፤ ቁስሉንም የእንስሳት ሐኪም ይየው። «ጥቂት ቀን ይብረዱና እንመልሳቸዋለን» የሚለው ምክር አደገኛ ነው፤ ተለያይተው የከረሙት እንደ ባዕድ ስለሚተያዩ ሁለተኛው ጠብ ይከፋል። ለእያንዳንዳቸው ከቀድሞው ንጣፍ ተካፍሎ ይሰጣቸው፤ በፍርግርግ በኩል እንዳይናከሱም ቤቶቹ ተራርቀው ይቀመጡ። ከሁለቱ አንዱ በሞተ ጊዜም የቀረው ብቻውን ይኑር እንጂ አዲስ ጓደኛ አይምጣበት።