አሰልጣኙ ሲሄድ ደብተሩ ይቅር

ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ሆኜ ስሠራ አራት ዋና አሰልጣኞች መጥተው ሄደዋል። እኔና ትጥቅ ያዡ አሁንም አለን። ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ቡድን ለምትመሩ፣ አዲሱ የውድድር ዘመን ሳይጀመር አሰልጣኝ ለመቀየር ለምታስቡ ነው። መቀየር አለባችሁ ወይስ የለባችሁም የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ። ከወሰናችሁ በኋላ እንዴት ይደረግ የሚለውን ግን ከመታሻ አልጋው አጠገብ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀኑን ቁረጡ

ውሳኔው የሰኔ ጾም ሳይፈታ ይለቅ። ሐምሌን ሙሉ «እስቲ እናስብበት» ስትሉ ከርማችሁ በነሐሴ መጨረሻ ካሰናበታችሁ፣ የሚሄደው ሰው ሌላ ክለብ የሚፈልግበት ጊዜ ያልቅበታል። የሚመጣው ደግሞ ራሱ ባልመረጣቸው ተጫዋቾች ይጀምራል። ልጆቹም ክረምቱን ማንን ደስ ለማሰኘት እንደሚሮጡ ሳያውቁ ይከርማሉ።

ይህን በራግቢም፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ አይቼዋለሁ። ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው የእህቴ ልጅ ነው ያስለመደኝ። መጀመሪያ የያዘኝ፣ ጨዋታው ሳይቆም የሕክምና ባለሙያው ሜዳ ገብቶ የወደቀውን ሲያክም ማየቴ ነው፤ እኛ ዳኛው እስኪፈቅድልን ቦርሳችንን ይዘን መስመር ላይ እንቆማለን። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የብሔራዊ ቡድኗን አሰልጣኝ ዴቭ ሬኒን አሰናብታ ኤዲ ጆንስን ቀጠረች። የዓለም ዋንጫው በሴፕቴምበር ነበር። በዌልስ 40 ለ 6 ተሸንፈው፣ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ሳያልፉ ቀሩ፤ ጆንስም ዓመቱ ሳያልቅ ለቀቀ። ልምድ ያጣ ሰው ሆኖ አይደለም። ጊዜው አጠረው፣ ብዙ ነባር ተጫዋቾችንም ትቶ በአዲስ ልጆች ገባ። እንደኔ እምነት አሰልጣኝና ተጫዋች በአንድ ወቅት አብረው ከተለወጡ ቤቱን የሚያውቅ ሰው አይቀርም።

ስንብቱ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። በስልክ አታሰናብቱ። ቀሪ ደመወዙና የመልቀቂያ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ቀጥሎ ለምክትሉ ንገሩት፤ ቦታውን እሱም ይመኘዋልና ከሬዲዮ መስማት የለበትም። ከዚያ አምበሉ፣ ከዚያ ልጆቹ፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ቴሌግራም ሳይቀድማችሁ።

ርክክቡ

ክለቦች ኳስ፣ ማልያ፣ የመኪና ቁልፍና የቤት ቁልፍ ቆጥረው ይረከባሉ። አሰልጣኙ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሃያ አምስት ልጆች ያወቀውን ግን የሚረከብ የለም። የኔ ጉዳይ ይኸው ነው።

አንድ ዓመት ላይ አሰልጣኛችን በንዴት ተሰናበተ። ደብተሩን ይዞ ሄደ፤ የራሱ ነውና ማንም አልጠየቀውም። አዲሱ ከቆላ አገር በመስከረም መጀመሪያ መጣና በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ጠዋትና ከሰዓት አስሮጠ። የግራ መስመር ተከላካያችን ከግንቦት ጀምሮ የኋላ ጭኑ ይይዘው ነበር። የቀድሞው አሰልጣኝ ይህን ስለሚያውቅ ፍጥነት በሚጠይቅ ልምምድ ላይ በግማሽ ይቀንስለት ነበር። ልጁ በአዲስ አሰልጣኝ ፊት ደካማ እንዳይመስል ዝም አለ። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ሳልጠየቅ ብናገር ጣልቃ መግባት ይመስልብኛል ብዬ ዝም አልኩ። በአራተኛው ሩጫ ላይ ጭኑን ይዞ ወደቀ። ጡንቻው ተቀዶ እስከ ጥር አልተጫወተም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቅበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። የሚሄደውን አሰልጣኝ ገንዘቡ ከተከፈለው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ምሳ እንጋብዘዋለን። የምንቀመጠው ቡድን መሪው፣ ምክትሉና እኔ ብቻ ነን። የቦርድ ሰው አይመጣም፤ ያሰናበተው ሰው ፊቱ ከተቀመጠ ራሱን መከላከል ይጀምራልና። ከምሳ በኋላ ደብተር ይከፈታል፤ ለአንድ ተጫዋች ሁለት ገጽ፣ ግራው ስለ አካሉ፣ ቀኙ ስለ ሰውየው። እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠራን እንጠይቃለን፦ የቱ እግሩ ተጎድቶ ያውቃል? ምን ያህል ሩጫ ይችላል? በሰው ፊት ሲቆጡት ይነሳል ወይስ ይሰበራል? ጨዋታ ሲቀርብ እንቅልፍ የሚያጣው ማነው? ረቡዕና አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙትስ? ይህ የመጨረሻው ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ከቡድናችን ግማሹ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ውስጥ ከባዱን ልምምድ እህል ውኃ ባልቀመሰ ልጅ ላይ በረፋድ ብትጭኑበት ጉዳቱ ወደኔ አልጋ ነው የሚመጣው።

መሐል ሜዳ ላይ የሚሰለፈው ልጃችን እናቱ መንዝ ታማበት ሐሙስ ሐሙስ ሐሳብ ይዞት እንደሚመጣ ያወቅነው ከአንድ ተሰናባች አሰልጣኝ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ተጫዋቹ በምስጢር የተናገረው ነገር ለአዲሱ ሰው ከመተላለፉ በፊት ልጁ ራሱ ይፍቀድ። እኔ እየጠራሁ «ይህን ልንገርለት?» እላለሁ። እምቢ ካለ ገጹ ባዶ ይቀራል።

በዓለም ላይ ይህን ርክክብ እንደ ደቡብ አፍሪካ ራግቢ ያሳመረው አላየሁም። አሰልጣኙ ራሲ ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብ፣ ቡድኑ በቀደመው ዓመት በኒው ዚላንድ 57 ለ 0 ተቀጥቶ ነበር። በ20 ወር ገደማ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2019 ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፎ የዓለም ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ዋና አሰልጣኝነቱን ለረዳቱ ለዣክ ኒናበር ለቆ እሱ በበላይ ኃላፊነት እዚያው ቤት ቆየ። ኒናበር እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፎ ዋንጫውን አስጠበቀ። እሱ ወደ አየርላንዱ ቡድን ሌንስተር ሲሄድ ኢራስመስ ተመለሰ። ሰው ተቀያየረ፣ ደብተሩ ግን ከቤት አልወጣም።

ኒናበር ደግሞ በሙያው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ እንደኛ የተጎዳ አካል የሚያክም። በደቡብ አፍሪካው ፍሪ ስቴት ቡድን በዚሁ ሙያ ሠርቶ ነው ወደ ማሰልጠን የገባው። ይህን የሰማሁ ቀን መታሻ ክፍሌን እንደገና ዞሬ አየኋት። ወጌሻችሁን ጠይቁት፤ ከምታስቡት በላይ ያውቃል።

ሲመጣ

ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ አሰልጣኝ መጀመሪያ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ራሱን ያመዋል። በዚያ ስሜት ሆኖ የሚያወጣው የልምምድ ዕቅድ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። ስለዚህ ቤቱ ተከራይቶ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይጠብቀው፤ ቢቻል ከልጆቹ አሥር ቀን ቀድሞ ይግባ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ቀናት ሜዳውን ይይ፣ ደብተሩን ያንብብ፣ ከምክትሉ ጋር ሻይ ይጠጣ። አዲስ ለፈረሙ ተጫዋቾችም ሕጉ ያው ነው፦ መጀመሪያው ሳምንት ቀላል፣ ሙሉ ጫና ከሁለት ሳምንት በኋላ። አየሩ ብርድ ስለሆነ አይጠማቸውም፤ እናንተ ውኃ አስታውሷቸው። ከልምምድ በፊት በሶ በጥብጦ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ደግሞ ከብዙ የታሸገ መጠጥ ይበልጣል።

ሰዓቱንም ንገሩት። በነሐሴ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚበረታ ልምምዱ ጠዋት ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ማለዳው ውርጭ ነው፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ የቀዘቀዘ ጡንቻ ማስሮጥ መቅደድ ነው። ያኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ማሟሟቂያውም ሃያ አምስት ደቂቃ ይድረስ።

የወዳጅነት ጨዋታ ስትፈልጉ አንዱን ሸዋ ሮቢት አድርጉት። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ወርዳችሁ፣ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ሙቀት ውስጥ ማን ቶሎ እንደሚደክም አዲሱ አሰልጣኝ ለራሱ ያያል። በዋዜማው ውረዱ፤ ጠዋት ተነስታችሁ ሄዳችሁ ከሰዓት አትጫወቱ፣ ጠመዝማዛው መንገድ የሚያስመልሳቸው ልጆች አሉ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ሳያልፍ ይወሰን፦ የተጎዳ ተጫዋች መመለሱን ማን ይፈርማል? በፕሮፌሽናል ራግቢ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ለምርመራ ሲወጣ ጊዜያዊ ተቀያሪ ይገባል፤ ምርመራውን ካላለፈ አሰልጣኙ ቢለምንም አይመለስም። በእኛ ቡድን ይህ በጽሑፍ የለም፤ በእናንተም ከሌለ አፍ ለአፍ እንኳ ተስማሙ። እኔ ለመጨረሻው አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን «ኮች፣ አሰላለፉ ያንተ ነው። አልጋው ላይ ያለው ልጅ ግን እኔ እስክለቀው የኔ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እሺ ጋሼ፣ ግን ለምን እንደማይችል በየቀኑ ይንገሩኝ» አለኝ። በየቀኑ ነገርኩት።

ደብተሩ ቁልፍ ባለው ሳጥን ትጥቅ ክፍል ይቀመጥ፤ አንዱ ቁልፍ ቡድን መሪው ጋ፣ አንዱ ወጌሻው ጋ። ለአሰልጣኙ ተሰጥቶ ቤቱ አይደር። ማስታወሻ መያዝ ከፈለገ የራሱን ይያዝ፤ በወር አንድ ቀን ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ አዲሱን ነገር ጻፉበት።

የሄደውንም አትቁረጡት። ባለፈው ኅዳር የቀድሞው አሰልጣኝ ደውሎ «ጋሼ፣ ያ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ እንዴት ሆነለት?» አለኝ። አዲሱ አጠገቤ ቆሞ ኮን ይደረድር ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ ኮኑን እኔ ደረደርኩ።