የጎጃምን የሣር ቤት ፈትቶ በሜዳ ላይ ሙዚየም መልሶ ስለ ማቆም

ስዊድናዊው አርቱር ሃዜሊየስ በ1891 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስቶክሆልም ስካንሰን የተባለውን የሜዳ ላይ ሙዚየም ሲከፍት፣ የገጠር ቤቶችን ከየቦታው አስፈትቶ በማምጣት መልሶ አቁሟል። የስዊድን ቤት ግንድ በግንድ ላይ የተጋደመበት በመሆኑ ተፈትቶ ለመገጠም ያመቻል፤ የጎጃም ቤት ግን ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ የሚጓዘው እንጨቱ ብቻ ነው። ሥራው በዚህ ልዩነት ይመራል።

በመጀመሪያ ሰው የሚኖርበትና እሳት ያልተለየው ቤት ይመረጥ። ጢስ የጠጣ ወራጅ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ቤት ግን ከውጭ ደህና መስሎ ሲነካ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ከባለቤቱ ጋር ከተስማሙ በኋላ፣ መደቡ፣ ጓዳው፣ ምድጃውና ጥጃ የሚታሰርበት ቦታ በእርሱ አንደበት እየተነገረ በወረቀት ላይ ይነደፍ።

ከዚያ ከበሩ ቀኝ መቃን ተነሥቶ ዙሪያውን ለእያንዳንዱ ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ቁጥር ይሰጥ። ቁጥሩ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ተበስቶ በገመድ ቢታሰር ይመረጣል፤ በጥላሸት ላይ በኖራ የተጻፈ መንገድ ላይ ይራገፋል። ጥላሸቱን ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፣ ምክንያቱም የእንጨቱ መድኃኒት እርሱ ነው። የልጡና የሐረጉ አስተሳሰር ሳይቆረጥ በፊት በቅርብ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በምስማር የተተካ ማሰሪያ ሙዚየሙን ተራ የባሕር ዛፍ ጎጆ ያደርገዋል።

አፈታቱ ከጉልላቱ ወደ ታች ነው። አሮጌው ሣር ዳግም አይከደንም፤ ሆኖም አንድ እስር ለአዲሱ ከዳኝ ናሙና ሆኖ ይቀመጥ። ጎታው ከበሩ የሚሰፋ ከሆነ ግድግዳው እስኪነሣ መጠበቅ ነው። የምሰሶው እግር በስብሶ ቢገኝ ተቆርጦ፣ ያጠረው ያህል ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባለት፤ አለዚያ የጣራው ተዳፋት ይቀንስና ውሃ ይገባል።

ምርጊቱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይሠራ። ከአሮጌው ግድግዳ አንድ ጓል ውሃ ውስጥ ቢሟሟ፣ የቀድሞው ሠሪ ምን ያህል ጭድ እንደጨመረ ያሳያል። አዲሱ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ እስኪሸት ለቀናት ይቆይ፣ በእግር ይረገጥ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ መሰነጣጠቁ አያስደነግጥም፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፣ በመጨረሻም በእበት ይለቀለቃል።

ሞፈርና ቀንበር በየቦታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ምድጃው ላይ እሳት የሚያነድ ሰው ይቀጠር። በክረምት በየቀኑ፣ በበጋ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጢስ ወደ ክዳኑ ይውጣ፤ ሣር ነውና እሳቱ ሳይጠፋ ሰውየው ከቤቱ አይራቅ፣ በበሩም አጠገብ ውሃ የሞላ እንስራ አይጉደል።