እናት አባቶቻችን በቪዲዮ ሲታከሙ የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ ሐኪምን በቪዲዮ ማነጋገር ከኮሮና ወዲህ ተለምዷል። ለሁሉም ግን እኩል አልደረሰም። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት 13 ሚሊዮን ያህል አረጋውያን ለቪዲዮ ቀጠሮ ዝግጁ እንዳልሆኑ ገምቷል። እንግሊዝኛ ለማይችል አረጋዊ ችግሩ እጥፍ ነው። እኛ ልጆችም ሳናውቀው እናባብሰዋለን።

ትልቁ ስህተት ራሳችን ማስተርጎማችን ነው። እኔም ለእናቴ ለዓመታት አስተርጉሜያለሁ። አንድ ቀን ሐኪሟ ስለ ሽንቷ ጠየቀቻት። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና "ደህና ነኝ በላት" አለችኝ። ደህና አልነበረችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሴት አስተርጓሚ በመስመር ገባች፤ እኔ ከክፍሉ ወጣሁ። ለካ ወራት ሙሉ ሲያቃጥላት ኖሯል። ለወንድ ልጅ እንዴት ይነገራል?

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በቪዲዮም ቢሆን ያው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ቋንቋውን በስሙ ጥሩት። "ኢትዮጵያዊት ናት" ማለት አይበቃም፤ አማርኛ ይሁን ትግርኛ ወይስ ኦሮምኛ በምን ያውቃሉ?

ሁለተኛው፣ "ስማርት ስልክ የላትም" ብሎ ቀጠሮ መሰረዝ ነው። በወር እስከ 30 ዶላር ይሸፍን የነበረው የኢንተርኔት ድጎማ በ2024 ቆሟል፤ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት አለመኖሩ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በ2020 በተራ ስልክ፣ በድምፅ ብቻ ለሚደረግ ቀጠሮም መክፈል ጀምሯል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚታደስ "በስልክ ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የእናትን ፖርታል፣ ማለትም ከሆስፒታሏ ጋር የምትገናኝበትን የኢንተርኔት መለያ፣ በራሳችሁ ኢሜይል አትክፈቱ። የቪዲዮ ቀጠሮው ሊንክ እናንተ ሥራ ቦታ እያላችሁ ይመጣል፣ እሷ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ብዙ ሆስፒታሎች ለልጅ የራሱን መግቢያ ይሰጣሉ።

ሊንኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮው ሰዓት መሞከርም ጣጣ ነው። ከዋዜማው ሞክሩት። ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፉት፤ ፊቷ ወደ መስኮቱ ይሁን፣ መድኃኒቶቿ አጠገቧ ይደርደሩ። የደም ግፊቷንም ቀድማ ትለካ።

ደረቷን ካመማት ወይም አንድ ጎኗ በድንገት ከዛለ ግን የቪዲዮ ቀጠሮ አትጠብቁ። 911 ደውሉ። እናትም ብቻዋን ስትሆን "አምሃሪክ" የምትለውን ቃል እንድትናገር አስጠኗት፤ ብዙ ቦታ አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገባሉ።