የመስታወት ማጽጃ ዘንጎቹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንዴት አስተማማኝ አደረግናቸው

ሥራችን የሆቴልና የባንክ ሕንፃ መስታወት ማጽዳት ነው። ከባሕር ዳር ተነስተን በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርገን እስከ ደብረ ማርቆስ እንሄዳለን። እየተሳቡ የሚረዝሙት የአሉሚኒየም ዘንጎች ሚኒባሱ ውስጥ አይገቡም። ፖርቶ መጋላው ላይ በገመድ ስናስራቸው ደግሞ ኮሮኮንች ላይ ገመዱ ይላላል። አንዱ ተንሸራቶ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ ላይ ቢወድቅ የሰው ሕይወት ነው። ይህ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

መፍትሔው የፍሳሽ ቱቦ ሆነ። 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ገዝተን ከዘንጎቹ ትንሽ አስረዝመን ቆረጥነው። የፊቱን አፍ በክዳንና በሙጫ ደፈንን፤ ዘንጎቹ እንዳይንኳኩ ውስጡ ስፖንጅ ጠቀጠቅን። ለኋላው አፍ በያጁ ማጠፊያ ያለው የብረት በር ሠራልን። በሩ የተበየደው ፖርቶ መጋላው ላይ ነው፤ ጓጉንቸርም አለው። ከተማ ውስጥ አቁመን ምሳ ስንበላ ሐሳብ የለብንም።

አሳሳቢው ቱቦውን ፖርቶ መጋላው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ፒቪሲ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። ብረት አንቆ ከያዘው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የብረት ማሰሪያ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አደረግን። ብሎኑ በንዝረት እንዳይፈታም ዳዶ በዳዶ ላይ ደረብን።

የጎጃም ክረምት ደግሞ የዋዛ አይደለም። ቱቦውን ወደ ኋላ ትንሽ ዘመም አድርገን፣ ዝቅ ባለው ጫፍ ከሥር ቀዳዳ በሳን። ውሃው ተንጠባጥቦ ይወጣል። ዘንጉ ጭቃና እርጥበት ይዞ ካደረ ርዝመቱን የሚይዘው የዘንጉ መቆለፊያ ይጣበቃል፤ በማግስቱ መሳቡ ፍዳ ነው። እኛ ከማስገባታችን በፊት በጨርቅ እናብሰዋለን።